ያየናት ነጭ ጉጉት ማን ናት?



በአገር ቤት ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ጤፉ ይታጨዳል፤ ልጆችም ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ እህሉን ከወፍ ይጠብቃሉ። እዚህ ክሎተን ግን ጭጋጉ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳው ላይ ተኝቶ ይውላል። አውሮፕላኖቹን ድምፃቸውን እንሰማለን እንጂ አናያቸውም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ ይመሻል። (በስዊዝ ሰዓት 16:30 ማለት ነው። የኛን ሰዓት አቆጣጠር አልረሳችሁም አይደል?)

የዛሬው ትምህርታችን የመጣው ከአንዲት ተማሪያችን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ «ጋሼ! ጋሼ! የሃሪ ፖተርን ጉጉት አየሁ!» እያለች ክፍል ገባች። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ማታ ከአባቷ ጋር በጌርሊስበርግ በኩል፣ በእርሻዎቹ መሐል ባለችው ጠባብ መንገድ በመኪና ይመለሱ ነበር። ድንገት አንዲት ነጭ ወፍ በመኪናው መብራት ፊት ለፊት አለፈች። ክንፏ ሰፊ ነው፤ ድምፅ የሚባል ግን የላትም። ወዲያው ማሳው ውስጥ ገብታ ጠፋች።

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ሄድዊግ ናት!» አለ። ግማሹ «እንዴ! እዚህ አገር ሄድዊግ የት አለች?» ብሎ ሳቀ። ልጅቷ ግን ሌላም ጥያቄ ነበራት። ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «ማታ ለአያቴ በስልክ ስነግራት ደነገጠች። ‹ልጄ፣ ጉጉት ደግ ነገር አታመጣም፤ በይ አማትቢ› አለችኝ። ጋሼ፣ መጥፎ ነገር ይመጣብን ይሆን?» አለች። ያን ጊዜ የሳቀም ዝም አለ። ብዙዎቻችሁ ይህን ነገር ቤታችሁ ሰምታችሁታላ!

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ አለን። አንደኛ፣ ያቺ ነጭ ወፍ ማን ናት? ሁለተኛ፣ ልንፈራት ይገባል ወይ? በተራ በተራ እንያቸው።

የበረዶ ጉጉት አገሯ የት ነው?

የሃሪ ፖተር ጉጉት የበረዶ ጉጉት ናት። በትምህርት ቤታችሁ ሽኔአይለ የምትሏት ማለት ነው። አገሯ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ነው፦ ሰሜን ካናዳ፣ አላስካ፣ ግሪንላንድ፣ ሰሜን ሩስያ። እዚያ ዛፍ አይበቅልም። ቱንድራ የሚባል ሰፊ ሜዳ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጎጆዋ ዛፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው። ዋናው ምግቧ ሌሚንግ የምትባል ጅራተ አጭር አይጥ ናት። ሌሚንግ በበዛበት ዓመት ብዙ እንቁላል ትጥላለች፤ በጠፋበት ዓመት ግን ጭራሽ ላትጥል ትችላለች። በበጋ እዚያ ፀሐይዋ ሳምንታት ሙሉ ስለማትጠልቅ፣ ይቺ ጉጉት እንደ ሌሎቹ ጨለማን አትጠብቅም፤ በቀንም ታድናለች።

የብርዱ ወራት ሲጀምር አንዳንዶቹ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በካናዳና በሰሜን አሜሪካ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በታጨደ የእህል ማሳ መሐል ቁጭ ብለው ይታያሉ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው የበረዶ ክምር ወይም ነጭ ድንጋይ ይመስላሉ። ለምን ማሳ ይመርጣሉ? የታጨደ ማሳ ሰፊ፣ ዝርግና ዛፍ የሌለው ስለሆነ ልክ አገራቸውን ቱንድራን ይመስላላ! እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ላይ እጅግ ብዙ የበረዶ ጉጉቶች ወደ ምሥራቅ አሜሪካ ወርደው ነበር።

ለእኛ ለክሎተኖች ደስ የሚለው ደግሞ ይሄ ነው፦ የአውሮፕላን ማረፊያም ይወዳሉ! እሱም ሰፊና ዝርግ ሜዳ ነው። በቦስተን ከተማ ኖርማን ስሚዝ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሚያርፉትን የበረዶ ጉጉቶች በዘዴ እየያዙ፣ ከአውሮፕላን እንዳይጋጩ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲወስዱ ኖረዋል።

«ታዲያ ክሎተንም አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ለምን አይመጡም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስዊዘርላንድ ከመንገዳቸው በጣም ሩቅ ናት። በኛ ማሳ ላይ ነፃ የሆነች የበረዶ ጉጉት ትገኛለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ «ነጭ ጉጉት አየሁ» የሚል ልጅ መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ሌላዋን፣ ጎረቤታችንን ነው።

ጎረቤታችን ባለነጠላዋ

በጀርመንኛ ሽላየርአይለ ትባላለች። ሽላየር ማለት መከናነቢያ ነው። ፊቷን ብታዩት በእውነትም ነጭ ነጠላ ተከናንባ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆመች እናት ትመስላለች። እኛ የጎተራ ጉጉት እንላታለን፤ ምክንያቱም የምትወደው መኖሪያ የገበሬ ድርቆሽ ቤት፣ ጎተራና የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ነው። በስዊዘርላንድ ከጄኔቭ ሐይቅ እስከ ቦደንዜ ድረስ በዝቅተኛው የእርሻ አገር ትኖራለች። ከፍ ያለውን የአልፕስ ተራራ ግን አትደፍረውም።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፦

መጠን፦ የበረዶ ጉጉት እስከ 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ትረዝማለች፤ ክብደቷ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ሊትር ወተት አንሡና ሞክሩት። የጎተራ ጉጉት ርዝመቷ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷም 300 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ከአንድ ጥቅል ቅቤ ትንሽ ብትበልጥ ነው። ክንፏን ስትዘረጋ ግን ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በሌሊት ትልቅ የምትመስለን ለዚህ ነው።

ፊት፦ የበረዶ ጉጉት ራሷ ድቡልቡል ነው። የጎተራ ጉጉት ፊት ግን የልብ ቅርጽ አለው።

ዓይን፦ የበረዶ ጉጉት ዓይኗ ቢጫ ነው፤ የጎተራ ጉጉት ዓይን ጥቁር ነው።

ጀርባ፦ የበረዶ ጉጉት ነጭ ናት፤ ሴቶቹና ግልገሎቹ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ። የጎተራ ጉጉት ሆዷ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ሲሆን፣ ጀርባዋ ወርቃማና ግራጫ ነው።

ሰዓት፦ የበረዶ ጉጉት በቀንም ትታያለች፤ የጎተራ ጉጉት የሌሊት ናት።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ሄድዊግ በታሪኩ ውስጥ ሴት ናት። በፊልሙ ላይ የታዩት ጉጉቶች ግን ወንዶች ነበሩ። ለምን? ከላይ ያነበባችሁትን ተመልሳችሁ እዩ፤ መልሱ እዚያው አለ።

በነገራችን ላይ በማሳ ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሁሉ ጉጉት አይደለም። በብርዱ ወራት ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያላት ነጭ ወፍ፣ ዚልበርራየር፣ ማሳ ላይ ቆማ አይጥ ስትጠብቅ ታገኟታላችሁ። ሞይዘቡሳርድ የሚባለው የአይጥ አዳኝ አሞራም አንዳንዱ ሆዱ ነጭ ነው። እነዚህ ሁለቱ የቀን ወፎች ናቸው።

እንግዲህ ተማሪያችንን ጠየቅናት። «ቀን ነበር ወይስ ሌሊት?» ሌሊት። «ፊቷን አየሽው?» «እንደ ልብ ነው!» አለችና ራሷ ደነገጠች። መልሱን ይዛው ነበር የመጣችው ማለት ነው። ሄድዊግ አይደለችም፤ ባለነጠላዋ ናት።

ልጅቷ ትንሽ ከፋት። «እንግዲያው ተራ ጉጉት ናት?» አለች። ተራ? ቆይ፣ ታገሡ!

በጆሮ የምታይ ወፍ

አንድ ጥሩ ሙከራ እናድርግ። ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ። አሁን መዳፋችሁን ከጆሯችሁ ኋላ እንደ ሳህን አድርጉት። ድምፁ ከፍ አለ አይደል? የጎተራ ጉጉት ፊት በሙሉ እንደዚያ መዳፍ ነው። ሰገነት ላይ እንዳለው ዲሽ ድምፅን ሰብስቦ ወደ ጆሮዋ ይልካል። ጆሮዎቿ ደግሞ እኩል አይደሉም፤ አንደኛው ከሌላው ከፍ ይላል። ስለዚህ አይጧ ስትንኮሻኮሽ ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች የሚደርሰው ትንሽ ተለያይቶ ነው። ጉጉቷ ከዚህች ትንሽ ልዩነት አይጧ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ታውቃለች። ሳይንቲስቶች ምንም ብርሃን በሌለበት ክፍል ውስጥ ሞክረዋት፣ በድምፅ ብቻ አይጧን ይዛታለች።

ክንፏስ ለምን ድምፅ የለውም? የፊተኛው ላባ ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ ጥርስ አለው። ላባዋ ከላይ እንደ ከፋይ ለስላሳ ነው፤ የኋላው ጠርዝ ደግሞ እንደ ነጠላ ዘርፍ ዘርፍ ነው። ነፋሱ በእነዚህ መሐል ሲያልፍ ይሰበራል፤ አይጮኽም። ርግብ ስትነሣ ፍርርር ስትል ሰምታችኋል፤ ጉጉት ግን በአጠገባችሁ ብታልፍም አትሰሟትም።

ዓይኗ እንደኛ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ የተተከለ ነው። ስለዚህ አንገቷን ታዞራለች። እኛ አንገታችን ውስጥ 7 አጥንት አለን፤ ጉጉት ግን 14 አላት። ራሷን ወደ 270 ዲግሪ፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ዙር ልታዞር ትችላለች። እናንተ እንዳትሞክሩት!

ነጭ መሆን ምን ይጠቅማል?

እዚሁ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሎዛን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ሩላንና ጓደኞቻቸው በርካታ ዓመታት የጎተራ ጉጉቶችን አጥንተዋል። አንዳንዶቹ ጉጉቶች ነጭ ሆድ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቀላ ያለ። አጥኚዎቹ እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ በጨረቃ ሌሊት ነጯ ከሩቅ ስለምትታይ አይጦቹ ቀድመው አያመልጡም ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት መልስ ሁሉንም አስገረመ። ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን ቀላ ያሉት ጉጉቶች የሚይዙት አይጥ ይቀንሳል፤ ነጮቹ ግን እምብዛም አይቸገሩም። ለምን መሰላችሁ? አይጥ ስትፈራ ደርቃ ትቆማለች። የጨረቃ ብርሃን ነጭ ላባ ላይ ሲያርፍ ወደ ዓይኗ ስለሚያበራ አይጧ ከወትሮው ይበልጥ ደርቃ ትቀራለች። ጉጉቷም ትደርስባታለች። እንግዲህ ንገሩኝ፣ ይቺ ጉጉት ተራ ናት?

ለእሷ የብርዱ ወራት ምን ማለት ነው?

በአገር ቤት ክረምት ስንል የዝናቡን ወራት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን። እዚህ ክረምት የምንለው ቪንተርን፣ የበረዶውን ወራት ነው። ለጎተራ ጉጉት ይህ ክረምት ከባድ ነው። አንዲት ጉጉት በአንድ ሌሊት ሦስት አራት አይጥ ያህል ትፈልጋለች። ማሳው በወፍራም በረዶ ሲሸፈን ግን አይጦቹ ከበረዶው ሥር ይሄዳሉ። የጎተራ ጉጉት ደግሞ በሰውነቷ ውስጥ ብዙ ስብ አታከማችም። በረዶው ሳይቀልጥ ከሰነበተ በረሃብ ትሞታለች። በአንዳንድ ከባድ ክረምት በዚህ አገር ብዙዎቹ አልቀዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ መጀመሪያ ማሳው ገና በበረዶ ሳይሸፈን አጥብቃ የምታድነው ለዚህ ነው። ያቺ በመኪና መብራት ፊት ያለፈችው ጉጉት እራቷን እየፈለገች ነበር። ሥራ ላይ ነበረች።

ሰው ሊረዳት ይችላል። አንዳንድ ገበሬዎች በበረዶ ጊዜ እንድትገባ የድርቆሽ ቤታቸውን አንድ መስኮት ክፍት ይተዉላታል፤ ውስጥ አይጥ አይጠፋማ። በጎ ፈቃደኞችም ጎተራ ላይ የእንጨት ሣጥን ይሰቅሉላታል፤ እዚያ ትፈለፍላለች። በዚህ አገር ሕግ ጉጉቶች ሁሉ የተጠበቁ ናቸው። መግደልም ሆነ ጎጆ ማፍረስ ክልክል ነው።

አያቶቻችን ለምን ይፈሯታል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። እኔም ልጅ ሆኜ ማታ ጉጉት ስትጮህ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባ ነበር። ትልልቆቹ «ሟርትሽን በራስሽ!» ይሏት ነበር። ልጆች፣ ይህ ፍርሃት የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በድሮው ጊዜ በአውሮፓ አንዳንድ ቦታ ጉጉትን ገድለው በጎተራ በር ላይ ይቸነክሯት ነበር፤ ክፉ ነገር ታርቅልናለች ብለው።

ሽታይንካውትስ የምትባል ሌላ ትንሽ ጉጉት አለች፤ ከአንድ ቁራሽ ዳቦ ብዙም አትበልጥም። ስትጮህ «ኩቪት! ኩቪት!» ትላለች። በድሮ ጊዜ ጀርመንኛ የሚናገሩ ሰዎች ይህን «ኮም ሚት! ኮም ሚት!» ብለው ሰሙት፤ «ነይ ከኔ ጋር» ማለት ነው። የሞት ወፍ ናት አሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራው የታመመ ሰው ባለበት ቤት ነው። መብራቱ ነፍሳትን ይጠራል፤ ጉጉቷም ነፍሳቱን ልትበላ ወደ መስኮቱ ትመጣለች። በሽተኛው ሲሞት ሰዎች «ጉጉቷ ጠራችው» አሉ። ጉጉቷ ግን እራቷን ነበር የተከተለችው።

ይቺ ትንሽ ጉጉት ከስዊዘርላንድ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም ነበር። የሚፈለፍሉባቸው ያረጁ የፍራፍሬ ዛፎች ስለተቆረጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በመላ አገሪቱ የቀሩት ወደ 60 ጥንድ ገደማ ነበሩ። ከዚያ ሰዎች ተነሡ። በጄኔቭ፣ በዙራ እና በቲቺኖ ገበሬዎችና በጎ ፈቃደኞች የፍራፍሬ ዛፍ ተከሉ፤ ዛፍ ላይም የጎጆ ቱቦ ሰቀሉ። በ2021 ወደ 150 ጥንድ ገደማ ደረሱ። በዚያው ዓመት በርድላይፍ የተባለው የስዊስ ማኅበር «የዓመቱ ወፍ» ብሎ መረጣት። የጄኔቭ ዘመዶች ያሏችሁ ልጆች፣ ስትሄዱ ጠይቁ!

በዮርዳኖስም ጉጉት የመጥፎ ዕድል ወፍ ናት ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬዎች የጎተራ ጉጉት አይጥ እንደምታጠፋላቸው ሲያዩ፣ ብዙዎቹ ለአይጥ መርዝ ከመርጨት ይልቅ በማሳቸው ሣጥን ሰቀሉላት።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። የጎተራ ጉጉት በኢትዮጵያም አለች! ያቺው የልብ ፊት ያላት ባለነጠላ በአገራችንም አይጥ ታድናለች። በክሎተን አካባቢ ደግሞ ቫልድኦርአይለ የምትባል፣ ጆሮ የሚመስል ላባ ራሷ ላይ የቆመ ጉጉት አለች። (ላባ ነው እንጂ ጆሮ አይደለም!) በብርዱ ወራት ብዙ ሆነው በአንድ ጥድ ላይ አብረው ይተኛሉ። የእሷ የቅርብ ዘመድ በባሌ ተራሮች ትኖራለች። በዲንሾ፣ በፓርኩ ዋና ቢሮ አጠገብ ባለው ጫካ ውስጥ አስጎብኚዎች ለእንግዳ ያሳዩዋታል። እንግዲህ እኛም ዘመድ አገር ቤት አለን፣ ጉጉቶቹም አላቸው።

ጉጉት ለምን ትጮኻለች? ጓደኛዋን ለመጥራት፣ «ይህ ቦታ የኔ ነው» ለማለት። ሌላ ወሬ የላትም።

ግን ልጆች፣ አንድ ነገር አደራ። አያት ሲፈሩ አይሳቅባቸውም። «አያቴ፣ ሞኝነት ነው» አይባልም። አያቶቻችን ይህን የሚነግሩን ስለሚወዱን ነው፤ ክፉ እንዳያገኘን ሰግተው ነው። በትሕትና «አያቴ፣ እስቲ ያየሁትን ልንገርሽ» በሉ።

ተማሪያችን እንደዚያ አደረገች። እሑድ ደወለችና ስለ ነጠላዋ፣ ስለ አይጦቹ፣ ስለ ረሃቡ ነገረቻቸው። አያቷ ዝም ብለው ሰሙና «በኛ ጎተራ ግን አይጡ ጤፉን ጨረሰው እኮ፣ ልጄ» አሉ። ቀጥለው ምን አሉ መሰላችሁ? «እንግዲህ አይጡን ከበላችልኝ ትጩህ፤ እኔ እጸልያለሁ፣ እሷም ትሥራ።»

ጉጉት ለማየት ስንወጣ

እናንተም ልትሞክሩ ትችላላችሁ። ሁልጊዜ ከወላጅ ጋር፦

1. ሰዓቱ ፀሐይ ስትጠልቅና ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ነው። ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ በሌለበት ቀን ውጡ። በነፋስ አይጧን መስማት ስለማትችል ጉጉቷም አትወጣም።

2. የሚያበራ ጃኬት ልበሱ። ከመንገዱ አትውጡ። ማሳው ባዶ ቢመስልም ስንዴ ተዘርቶበታል። ገበሬውን ካገኛችሁት «ግሩኤትሲ» በሉና ጠይቁት፤ የጉጉቷን ቦታ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

3. አንድ ቦታ ቁሙና ሃያ ደቂቃ ዝም በሉ። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

4. የአጥር እንጨቶችን፣ የመንገድ ዳር ምሰሶዎችን፣ የማሳውንም ዳር ያልታጨደ ሣር እዩ። አይጥ የሚበዛው እዚያ ነው።

5. በቀን ደግሞ ከጎተራና ከጥድ ዛፍ ሥር ፈልጉ። ነጭ ኩስና ጥቁር ግራጫ እንክብል ካገኛችሁ ጉጉት ከላይ አለች ማለት ነው። ጉጉት አይጧን ሙሉውን ትውጣለች፤ አጥንቱንና ፀጉሩን ጠቅልላ መልሳ ትተፋዋለች። በጀርመንኛ ጌዎለ ይባላል። በባዶ እጅ አትንኩት።

6. ወደ ጎጆዋም ሆነ ወደ ተኛችበት ዛፍ አትጠጉ። በካሜራ መብራት አታብሩባት፤ የጉጉት ድምፅም በስልክ አታጫውቱ። ደንግጣ በበረረች ቁጥር ጉልበቷ ያልቃል፤ በክረምት ጉልበት ማለት ነፍስ ነው።

7. የተጎዳች ጉጉት ካገኛችሁ ምግብ አትስጧት። ለትልቅ ሰው ንገሩ። በዜምፓኽ የሚገኘው የስዊስ የወፍ ጥናት ተቋም ምን እንደሚደረግ ይመክራል።

የምሽቱን ጉዞ በደብተር መዝግቡ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያየሁት። ስሟን መጨረሻ ላይ ጻፉ። መጀመሪያ ያያችሁትን ብቻ፦ ቀለሟን፣ ፊቷን፣ በረራዋን። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «እርግጠኛ አይደለሁም» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ አያሳፍርም። ምንም ካላያችሁም «ምንም አላየሁም» ጻፉ። እሱም መልስ ነው።

እንቆቅልሽ!

— እንቆቅልሽ!
— ምን አውቅልሽ?
— ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ታያለች፤ ስትሄድ አትሰማም፣ ስትሰማ ትሄዳለች።

(መልሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁ አገር ስጡኝ!)

የዛሬ ቃላት

ማማ — ወፍ ለመጠበቅ በእርሻ መሐል የሚሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ
ጎተራ — እህል የሚቀመጥበት
ድርቆሽ — ለከብት የሚቀመጥ የደረቀ ሣር
ሟርት — ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ መናገር
ሚዶ — ፀጉር ማበጠሪያ
ጉጉት — ይህ ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ወፏ ናት። ሁለተኛው መጓጓት፣ በጣም መፈለግ ነው። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። «ጉጉትን በጉጉት ጠበቅኋት» ሲባል የትኛው የትኛው ነው?

ጥያቄዎች

1. የበረዶ ጉጉት በክረምት ማሳና አውሮፕላን ማረፊያ የምትወደው ለምንድን ነው?
2. ተማሪያችን ያየቻት ጉጉት ሄድዊግ አለመሆኗን በምን አወቅን? ሁለት ምልክት ጻፉ።
3. ወፍራም በረዶ የጎተራ ጉጉትን የሚጎዳት እንዴት ነው?
4. በድሮ ጊዜ ጉጉት በሕሙማን መስኮት የምትመጣው ለምን ነበር?

የቤት ሥራ

ለአያታችሁ ወይም በአገር ቤት ላለ ዘመድ ደውሉ። «በእናንተ አካባቢ ስለ ጉጉት ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉ። ከዚያ እናንተ የተማራችሁትን አንድ ነገር ንገሯቸውና ምን እንዳሉ ጨምራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ እናነባቸዋለን።

በሉ ልጆች፣ ሞቅ አድርጋችሁ ልበሱ፤ በርቱ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!